እኔ ከሳሁ፣ ጡቴ ግን አልከሳም፦ ላስቀንሰው ወይስ ልተወው?

27 ኪሎ ቀንሼ ደብረ ማርቆስ ገበያ ብቅ ስል ያገኘኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «ምነው፣ ታመሽ ነበር እንዴ?» እኛ ጋ መክሳት እንኳን ደስ አለሽ አያስብልም። አንዷ ጎረቤቴማ «ለገንፎሽ ይሁንሽ» ብላ ቅቤ ይዛልኝ መጣች። ለእሷም ለማንም ያልነገርኩት ግን ሌላ ነበር። ፊቴ ሞገገ፣ ወገቤ ጠፋ፣ ቀሚሶቼን ሁሉ ልብስ ሰፊ አጠበበልኝ፣ ጡቴ ግን ያው ነው። ኧረ ያውም አይደለም፤ ክብደቱን እንደያዘ ወደ ሆዴ ወረደ። ነጠላዬን ደረቴ ላይ ሳላጣፋ ከቤት አልወጣ አልኩ። «ላስቀንሰው» የሚለው ሐሳብም ያኔ መጣ።

ሐኪም አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ። ግን ሁለት ዓመት ስጠይቅ፣ ስመረመር፣ ሐሳቤን ስቀያይር ቆይቻለሁ። ነገሩን ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምረው በምን ቅደም ተከተል እንደምሄድበት ነው የምጽፍልሽ።

ትልቅ ነው ወይስ የወረደ?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጡት ውስጥ ወተት የሚሠራ ዕጢ አለ፣ ስብ አለ፣ ከላይ ቆዳ አለ፤ ይህን ሁሉ ደግፈው የሚይዙ ቀጫጭን ጅማቶችም አሉ። ስትከሺ በዋናነት የሚሄደው ስቡ ነው። ቆዳውና ጅማቱ ግን አንዴ ከተለጠጡ እንደ ድሮው አይሰበሰቡም፣ እንደ አሮጌ የቀሚስ ላስቲክ ናቸው። ስለዚህ ጡቷ ባብዛኛው ስብ የነበረች ሴት ስትከሳ ባዶ ከረጢት የመሰለ ነገር ይቀርላታል። ዕጢ የበዛባት ደግሞ ከስታም ሸክሙ አይለቃትም። ሁለቱም «ጡቴ አስጠላኝ» ይላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

ለመጀመሪያዋ የሚያስፈልጋት ማንሳት ነው። ትርፍ ቆዳው ይቆረጣል፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከውስጥ የሚወጣ ሥጋ ብዙም የለም። ለሁለተኛዋ ቅነሳ ነው፤ ዕጢና ስብ ተቆርጦ ይወጣል፣ ቆዳውም አብሮ ይስተካከላል፣ እግረ መንገዱን ጡቱም ይነሳል። ባዶውን ጡት «ቀንሱልኝ» ብላ የገባች ሴት ኋላ ደረቴ ጠፋ ብላ ልታለቅስ ትችላለች።

ቤትሽ ውስጥ ልትሞክሪው የምትችዪው ነገር አለ። መስተዋት ፊት ያለ ጡት መያዣ ቁሚ። ማስመሪያ ውሰጂና ጡትሽ ከሥር ከደረትሽ ጋር የሚገናኝበት እጥፋት ላይ አግድመሽ ያዢው። የጡትሽ ጫፍ ከማስመሪያው በላይ ከሆነ ብዙም አልወረደም። ከእጥፋቱ እኩል ከሆነ ወይም እስከ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ በመጠኑ ወርዷል፤ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ ነው፤ ከ3 አልፎ ጫፉ መሬት መሬት ካየ ደግሞ ብዙ ወርዷል። ሐኪሞችም የሚያዩት በዚሁ ዓይነት ነው።

ክብደቱን ማወቅ ካማረሽ (እኔ እየሳቅኩ ነው የሠራሁት) ጎድጓዳ ሳህን አፍ እስካፉ ውሃ ሞልተሽ ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፣ ጎንበስ ብለሽ አንዱን ጡት ንከሪ፣ ሳፋው ውስጥ የፈሰሰውን ውሃ ስፈሪ። ግማሽ ሊትር ከፈሰሰ ግማሽ ኪሎ ገደማ ተሸክመሻል ማለት ነው። የእኔ አንዱ ብቻ ከ900 ሚሊ ሊትር በላይ አፈሰሰ። ሁለት ኪሎ ጤፍ ከአንገቴ አንጠልጥዬ ሳስተምር እውላለሁ ማለት ነው።

«ስፖርት ሥሪበት ይነሳል» የሚሉሽን አመስግነሽ እለፊ። የደረት ጡንቻ ያለው ከጡቱ ሥር ነው። ፑሽ አፕ ጡንቻውን ያጠነክራል፣ ላዩ ላይ የተንጠለጠለውን ቆዳ ግን አይሰበስብም። በቴሌግራም የሚሸጠው ክሬምም እንዲሁ። ገንዘብሽን ያዢ።

ለምን ከሳሽ?

ይቺ አጭር ናት፣ ግን አትዝለያት። አስበሽበት ሳይሆን ዝም ብሎ ከከሳሽ ጉዳይሽ ጡት አይደለም። ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ ሁሉም ያከሳሉ፤ መጀመሪያ ተመርመሪ። ጡትሽ ውስጥ እብጠት ካለ፣ አንዱ ብቻ ቅርፁ ከተለወጠ፣ ጫፉ አዲስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ከወጣው ወይም ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ ቅነሳው ይቆይና ካንሰር አለመሆኑ ይታይ። ይህ ሁሉ ባይኖርም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጡትሽን ሐኪም ይይልሽ፤ በተለይ ዕድሜሽ 40 ካለፈ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ወይም አልትራሳውንድ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። የሚቆረጠው ሥጋ ለፓቶሎጂ ምርመራ (በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት) ይላክ እንደሆነም አብረሽ ጠይቂ።

የአንድ ወር ደብተር

ከሠራሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ተራ ደብተር ገዛሁና ለአንድ ወር ማታ ማታ አንድ መስመር ጻፍኩ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዛሬ ጡቴ ምን ከለከለኝ? ምንም ካልከለከለኝ «ምንም» ብዬ እጽፋለሁ። ሰኞ፦ አራት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አንገቴ ደነዘዘ። ሐሙስ፦ ማሰሪያው ትከሻዬ ላይ ቦይ አወጣ። ቅዳሜ፦ እንጀራ ስጋግር ከሥሩ አልቦኝ ተላላጠ። እሑድ፦ ሰርግ ነበር፣ ፎቶ እንዳልነሳ ብዬ ቀረሁ።

ወሩ ሲያልቅ በሁለት ቀለም አስምሪበት። የሥጋውን በአንዱ፣ የዓይኑን በሌላው። የሥጋ የምለው ሕመም፣ መላላጥ፣ የእጅ መደንዘዝ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። የዓይን የምለው መስተዋት፣ ፎቶ፣ የሰው አፍ፣ ባል።

የዓይኑ ምክንያት ተራ ነው ማለቴ አይደለም፤ እኔም ሰርግ የቀረሁት በሱ ነው። ግን ልዩነት አለው። ቅነሳ ለብዙ ሴቶች የአንገት፣ የትከሻና የጀርባ ሕመምን በደንብ ያቀላል፣ የሥጋው መስመር ከበዛ የምታገኚው ነገር ግልጽ ነው። የዓይኑ ከበዛ ግን የወረደ ጡት ሰጥተሽ ጠባሳ ያለበት ጡት ነው የምትቀበዪው። ልውውጡ የሚያዋጣሽ መሆኑን ካንቺ በቀር ማንም አያውቀውም። ባል ወይም እጮኛ ስላለ ብቻ ከሆነ ግን፣ እኔን ብትጠይቂኝ፣ ተዪው። በተቃራኒው «እግዜር የሰጠሽን ገላ ልታስቆርጪ?» የሚሉሽም አይጠፉም። እነሱም ጀርባሽን አብረው አይታመሙልሽም።

ቢላ ሳይነካሽ

ብዙዎቻችን ልካችን ያልሆነ ጡት መያዣ ነው የምንለብሰው። ከስተሽ የድሮውን ከለበስሽ፣ ወይም ከልባሽ ተራ በዓይን ገምተሽ ካነሳሽ፣ ሸክሙ ሁሉ ትከሻሽ ላይ ይወድቃል። መሸከም ያለበት ግን ደረትሽን የሚዞረው ቀበቶ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢ፤ ከጡትሽ ሥር ዙሪያውን ለኪ፣ ከዚያ ጡትሽ በጣም በሞላበት ላይ ለኪ፣ ሁለቱን ቁጥር ይዘሽ ግዢ። ማሰሪያው ሰፊ ይሁን፣ ቀበቶው ጠበቅ ይበል። እጅሽን ስታነሺ ከኋላ ሽቅብ ከወጣ ሰፍቶሻል ማለት ነው። እኔ ልኬን እዚህ አጥቼ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዘመድ ነው ያስገዛሁት።

ለመላላጡ በቀን ሁለቴ ታጠቢ፣ በደንብ አድርቂ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከሥሩ አድርጊ። ቀልቶ የሚያሳክክና የሚሸት ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም የሚያዝለት ቅባት አለ። ቅቤ ግን አትቀቢበት፣ እርጥበቱን ያፍነዋል። ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ከቀረበሽ ደግሞ የጀርባና የትከሻ እንቅስቃሴ ተማሪ። ሁለት ወር እንዲህ ሞክረሽ ደብተሩን እንደገና ጻፊ። መስመሮቹ በግማሽ ከቀነሱ ቆም ብለሽ አስቢ። ካልቀነሱ ቢያንስ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ የምታሳዪው ነገር አለሽ።

መቼ?

ኪሎሽ ሳይረጋ አትግቢ። 6 ወር ያህል አንድ ቦታ ላይ ይቁም፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ከፍ ዝቅ ቢል ግድ የለም። ገና እየከሳሽ ካስቀነስሽ የቀረው እንደገና ይወርዳል፣ ተመልሰሽ ከወፈርሽ ደግሞ ጡቱም አብሮ ይወፍራል። በጨጓራ ኦፕራሲዮን የከሳሽ ከሆነ ከዚያ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ነው የሚመከረው።

ገና መውለድ የምታስቢ ከሆነ እዚህ ላይ ረጅም ቁሚ። እርግዝና ጡትን መልሶ ያሳብጠዋል፣ መልሶ ይለጥጠዋል፣ የከፈልሽበት ሥራ ሊበላሽ ይችላል። ከቅነሳ በኋላ በደንብ የሚያጠቡ ሴቶች አሉ፣ በከፊል የሚያጠቡ አሉ፣ ጭራሽ የማይችሉም አሉ። የወተት ቧንቧዎቹ በምን ያህል እንደተነኩ ነው የሚወስነው፣ አስቀድሞ ዋስትና የሚሰጥሽ የለም። የቆርቆሮ ወተት በየሳምንቱ መግዛት ለማይቻልበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን እያጠባሽ ከሆነም ካቆምሽ በኋላ ጡትሽ ቅርፁን እስኪይዝ 6 ወር ያህል ስጪው። እኔን ያስቆመኝ ይሄው ነው። አንድ ልጅ አለኝ፣ ሁለተኛ እፈልጋለሁ። ደብተሬ «አስቀንሺ» ቢለኝም ለጊዜው አቆይቼዋለሁ።

የጾሙንም ነገር አስቢበት። ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ደም ለመተካት ብረት ይፈልጋል። በብዙ የከሳች ሴት ደግሞ ሁለቱም ሊያንሷት ይችላል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ መሃሉ ላይ አትግቢ፣ ወይም የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ አማክሪ። እጾማለሁ ካልሽ በድንችና በጎመን ብቻ አይሆንም፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ በየቀኑ ይግባ። የደም ምርመራ ከቀጠሮው ወር ሁለት ወር ቀድመሽ አሠሪ፤ አንሶሽ ከተገኘ እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። ስኳር ካለብሽ በደንብ ይስተካከል። ሲጋራ ወይም ሺሻ ካለ ቢያንስ 4 ሳምንት በፊትና 4 ሳምንት በኋላ ማቆም ግድ ነው፤ የደም ሥሩን ስለሚያጠበው የጡቱ ጫፍ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። የምትወስጂውን ክኒን ሁሉ፣ አስፕሪንም የወሊድ መከላከያም ቢሆን፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ከዚያ ወቅቱ አለ። እህል የምትሰበስቢ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥን ተዪ። ጥር ሰርግ ነው፤ ወጥ ሥሪ ትባያለሽ፣ እምቢ ማለትም ያስቸግርሻል። ለአስተማሪ ሐምሌና ነሐሴ ይመቻሉ።

የምትከፍዪው በብር ብቻ አይደለም

ጠባሳው አይቀርም። ብዙ ጊዜ ቁርጡ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ይዞርና ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ በሥሩ እጥፋት ላይ ግራና ቀኝ ይሄዳል፤ ሲታይ መልህቅ ይመስላል። ለወራት ጎልቶ ይቆይና በዓመት፣ በዓመት ተኩል እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። የእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ደግሞ ኬሎይድ፣ ማለትም አብጦ የሚጠጥር ጠባሳ፣ ማብቀል ይወዳል። የጆሮሽን ቀዳዳና የክንድሽን የክትባት ጠባሳ ዳብሺ። አብጦ፣ ጠጥሮ ከቀረ ሳትጠየቂ ለሐኪሙ አሳዪው።

የጡት ጫፍ ስሜት ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል፣ አንዳንዴ ለዘለቄታው። ይህን ባል ፊት ማንሳት ያሳፍራል፣ ግን ቀድመሽ አንሺው። ሁለቱ ጡቶች ፍጹም እኩል አይሆኑም፤ ድሮም እኩል አልነበሩም። ኢንፌክሽን፣ መድማት፣ የቁስል ቶሎ አለመዳን፣ የደም መርጋት፣ የማደንዘዣ ችግር፣ እነዚህ እንደማንኛውም ትልቅ ኦፕራሲዮን አሉ። ሙሉ ማደንዘዣ ተወስዶ ከ2 እስከ 4 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ «ቀላል ናት፣ በደቂቃ ትወጫለሽ» የሚልሽ ካለ ውጪለት።

የት፣ ከማን ጋር?

ከቅርብሽ ጀምሪ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ቀዶ ሐኪም ይይሽ። ጡትሽን ይመረምራል፣ ማንሳት ይሁን ቅነሳ ሐሳቡን ይነግርሻል፣ ካስፈለገም ሪፈር ይጽፍልሻል። አዲስ አበባ ከሄድሽ የካቲት 12 ሆስፒታል በፕላስቲክ ሰርጀሪ የታወቀ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ የግልም አሉ። የማህበረሰብ ጤና መድን ደብተር ይዘሻል ብለሽ ግን አትኩሪ፤ ለውበት የሚደረግ ኦፕራሲዮን እሱ ውስጥ አይገባም። የአንቺ በሕመም ምክንያት ከሆነ ሐኪሙ ምክንያቱን በወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍልሽና መድኑ ቢሮ ጠይቂ።

ሐኪሙ ፊት ዝም አትበዪ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አፍሬ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ነው የወጣሁት። ጥያቄሽን ጽፈሽ ያዢ። ፕላስቲክ ሰርጀን ነህ ወይ? ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተሃል? እንደኔ ጥቁር ቆዳ ያላት ሴት ከመሠራቷ በፊትና በኋላ ያለ ፎቶ አለህ? የእኔን እንዴት ነው የምትቆርጠው? ምን ያህል ነው የምታወጣው? ዋጋው አልጋውን፣ ማደንዘዣውን፣ ምርመራውን፣ መድኃኒቱን ይጨምራል? ጎጃም ከገባሁ በኋላ ቁስሉ ቢከፈት ለማን ነው የምደውለው? በተለይ የመጨረሻዋን ጠይቂ። ቀጥ ያለ መልስ የሌለው ሐኪም ጥሩ እጅ ቢኖረውም ለሩቅ አገር ሰው አይሆንም። ሲጠየቅ የሚቆጣውንም እለፊው።

ቤት ገብተሽ

የቡሬዋ ጓደኛዬ አስቀንሳለች። ጀርባዋ ቀልሏታል፣ አልጸጸተኝም ትላለች። ግን ስለ ማገገሙ ስትነግረኝ ያለችው ይሄ ነው፦ «ለካ የቤት ሥራ ሁሉ በደረት ነው።» ጀሪካን ማንሳት በደረት፣ ቡና መውቀጥ በደረት፣ ሊጥ ማቡካት በደረት፣ ልጅ ማዘል በደረት። ቢሮ የምትቀመጥ ሴት በአንድ ሁለት ሳምንት ሥራ ልትገባ ትችላለች። ጀሪካን የምትሸከም ሴት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሳ ትባላለች። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት «ማን ይጋግርልኛል፣ ማን ውሃ ይቀዳልኛል?» የሚለውን በስም መልሺ። «ሰው አይጠፋም» መልስ አይደለም። እናትሽ፣ እህትሽ፣ ወይም በክፍያ የምትመጣ ልጅ፣ ቀኗ ተቆርጦ።

ደጋፊውን ጡት መያዣ ለሳምንታት ቀንም ሌሊትም ታደርጊያለሽ፣ በጀርባሽ ትተኛለሽ። ወዲያው ሆስፒታል የሚያስሮጡ ነገሮችን ለቤት ሰውም ንገሪ፦ ትኩሳት፣ አንዱ ጡት በድንገት አብጦ መወጠር፣ የሚሸት መግል፣ የጡት ጫፍ መጥቆር፣ የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር።

መመለሻውንም አትርሺ። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአባይ በረሃ ጠመዝማዛም አለበት። በወጣሽ ማግስት አውቶቡስ ላይ አትውጪ። ቁስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪም እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ዘመድ ጋ እረፊ፣ መቼ መሄድ እንደምትችዪም ሐኪሙ ይንገርሽ። የባሕር ዳር ሰው ከሆንሽና አቅሙ ካለ አውሮፕላን ይሻላል፣ ሻንጣሽን ግን ሌላ ሰው ይያዘው። በመኪና ከሆነ ፊት ወንበር ያዢ፣ በቀበቶውና በደረትሽ መሃል ትንሽ ትራስ አድርጊ። ረጅም መቀመጥ ደም ስለሚያረጋ ጎሃ ጽዮን ላይ አስቁሚና ተራመጂ፣ ደጀን ላይም እንደገና። ሾፌሩ ቢያጉረመርም «ኦፕራሲዮን ነኝ» በዪው፤ የምን ብሎ አይጠይቅም።